ሐጂ ያስታረቁት ሎጋሪዝም

ባለፈው ሳምንት ኮልፌ የአየር ጤና ታክሲ ስጠብቅ፣ ከኋላዬ ካለው ብረት ቤት አንዱ በያጅ ላሜራ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረና ብናኙን እፍ አለው። የጠመኔው ሽታ ከተቃጠለው ብረት ጋር ተደባልቆ ሲደርሰኝ ታክሲው ሞልቶ ሄደ፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ወንድሜ ብሩክ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

የግቢያችን የቆርቆሮ በር የእሱ ሰሌዳ ነበር። ከትምህርት ቤት የለቀመውን ስብርባሪ ጠመኔ ኪሱ ይዞ ይዞራል፤ እናታችን ሱሪውን ስታጥብ ታጉረመርማለች፤ እሱ ግን በሩ ላይ ቁጥር እየደረደረ፣ ቆርቆሮው ወጣ ገባ ስለሆነ ቁጥሮቹም አብረው እየወጡና እየገቡ፣ ለራት እስኪጠራ ይቆማል።

አሥረኛ ክፍል እያለ የሒሳብ መምህሩ፣ ሎጋሪዝም የሚኖረው ፖዘቲቭ ቁጥር ብቻ ነው፣ ቤዙም ፖዘቲቭ መሆን አለበት ብለው አስተማሩ። ብሩክ እጁን አወጣ። ኔጌቲቭ ሁለትን ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ ብናባዛው ኔጌቲቭ ስምንት ይመጣል፤ ስለዚህ ቤዙ ኔጌቲቭ ሁለት ሲሆን የኔጌቲቭ ስምንት ሎጋሪዝም ሦስት ነው፣ የለም አይባልም አለ። ተቀመጥ አሉት። አልተቀመጠም። በማግስቱም አነሳው፤ ወላጅ ሳታመጣ እንዳትገባ ተባለ።

ቀላል ነገር አልነበረም። አባታችን ሞቷል። እናታችን ደግሞ ከዚያ በፊት በሌላ ክርክር ተባሮ ሲመጣ፣ ይሄ ከተደገመ ትምህርቱ ይቀራል፣ አጎትህ ጋራዥ ትገባለህ ብላ ምላለች። እሷ ከማለች፣ ማለች ነው። ስለዚህ ብሩክ ሳይነግራት ጎረቤታችንን ሐጂ ሙዘይንን ይዞ ሄደ። ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ በሰፈራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ አጥር ሲገፋ፣ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው።

የሆነውን ሲመለስ የሁሉንም ድምፅ እያስመሰለ ነገረኝ። ደጋግሜ ስላስነገርኩት እስካሁን በቃሌ ነው።

መምህሩ የሐጂን ኮፊያ አዩ፣ «ብሩክ ተክለማርያም» የሚለውን ስም አዩ።

«የእርስዎ ልጅ ነው?»

«የሰፈሬ ልጅ ነው» አሉ ሐጂ። «ምን አጠፋ?»

ከዚያ እንደ ማንኛውም ጠብ ሁለቱንም ወገን በየተራ ሰሙ።

«ልጁ ያለው ሦስት፣ ልክ ነው?»

«እሱስ ልክ ነው። ግን በዚያው ቤዝ ኔጌቲቭ ያልሆነውን ስምንት ብንጠይቀው መልስ የለውም። ሐጂ፣ ለአንዱ ደንበኛ ሸጦ ሌላውን ባዶ እጁን የሚመልስ ሱቅ፣ ሱቅ ይባላል?»

ሐጂ አሰቡ። «ሱቅስ አይባልም። ዕቃ የለውም ግን አይባልም።»

ፈረዱ። ብሩክ ይቅርታ ይጠይቅ፣ በክፍሉ ፊትም «በእኛ ክፍል የለም» ይበል፤ መምህሩም ከዚያ በላይ እንዳለ ይመኑለት። መምህሩ ሳቁ። አዎ፣ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ዓይነት ቁጥር አለ፣ በእሱ ይቻላል፤ እዚያ ሂድና ተጨቃጨቅ አሉት። ብሩክም ክፍል ገባ። እናታችን ሳትሰማ ቀረች። ብሩክ በዚያ ሰሞን የሚያወራው ስለዚያ ሌላ ቁጥር ብቻ ነበር። ስደርስበት አሳይሃለሁ ይለኝ ነበር።

አልደረሰበትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊገባ ሲል ክረምት ላይ ታመመ። መጀመሪያ ብርድ ነው አልን። ቀጥሎ ታይፎይድ ነው ተባለ። ጉበቱ መሆኑ ሲታወቅ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ እኔንም አንዳንዴ አይለየኝም። ነሐሴ ሳይወጣ ቀበርነው። ድንኳኑ ያፈስ ነበር፤ ሐጂ ጥግ ላይ እርጥብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። በሩ ላይ የጻፈውን ለማጥፋት ማንም አልደፈረም። ዝናቡ አጠበው።

በመስከረም እኔ አሥረኛ ክፍል ገባሁ። መምህሩ ያው ናቸው። ሎጋሪዝም ላይ ሲደርሱ ያንኑ ጻፉ፦ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ፣ ቤዙም ከዜሮ በላይ፣ አንድ ያልሆነ። ከዚያ ዞሩና «የሚቃወም የለም?» አሉ። ወደ እኔ አላዩም፤ ሆን ብለው ይመስለኛል። እኔ ሦስት የምትለዋን አውቃለሁ፤ ከሦስት በኋላ ምን እንደሚባል ግን አላውቅም፣ እሱ ነበር የሚያውቀው። ከኋላ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይወጣል?» አለ።

«ይወጣል» አሉ።

ብሩክ የተባረረበትን ነገር፣ እኔም ከሌሎቹ ጋር፣ በአንድ መስመር ገልብጠን ደብተራችንን ዘጋን።