ጥቅምት ሀያ ስምንትን ሦስት ቀን ያስዋልኩባት ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት አንድ ጧት ቢሮ ስገባ ቃልኪዳን ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣ ሻይዋን ትጠጣለች። ሐይቅ ከተማ፣ ከወልድያው መንገድ ዳር፣ ሁለት ክፍል ቢሮ አለችኝ። ለክሊኒኮችና ለመድኃኒት ቤቶች ፕሮግራም እንሠራለን፣ የሠራነውንም እንጠብቃለን። ቃልኪዳን ኮሌጅ ከጨረሰች ዓመት ያልሞላት፣ እጇ ፈጣን፣ አፏም ከእጇ የማይዘገይ ልጅ ናት።

«እትዬ ዘሀራ፣ የምንሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ አፕዴት ወጥቶለታል» አለችኝ። «ግን አዲስ ነገር የለውም። የደኅንነት ቀዳዳ መድፈኛና የስህተት ማረሚያ ብቻ ነው። ሥራ ቀለል ሲለን እንጭነዋለን።»

«አሁን ጫኚው።»

«ኧረ እትዬ፣ ምንም እኮ የለውም...»

«አሁን አልኩሽ!»

ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። ልጅቷ ብርጭቆዋን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ቁጡ መሆኔን አልክድም፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያን ጧት ግን የተቆጣሁት በእሷ አልነበረም። የተቆጣሁት በሀያ ሁለት ዓመቷ ዘሀራ ላይ ነው። አርባን ልደፍን ነው፣ እስከ ዛሬ ግን ያቺን ልጅ ይቅር ማለት አቅቶኛል። ለቃልኪዳን ይቅርታ ጠየቅኳትና ወንበር ስቤ የሆነውን ነገርኳት። ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህም የምጽፈው።

ደሴ ኮሌጅ እንደጨረስኩ ሐይቅ ውስጥ፣ ዛሬ በተዘጋ አንድ የግል ክሊኒክ ተቀጠርኩ። ባለቤቷ ሲስተር አስካለ ነበሩ፤ ከእርጅናቸው ጋር የተጣሉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ነርስ። የካርድ ክፍሉን ወደ ኮምፒውተር እንድለውጥላቸው ፈለጉ። ለወጥኩት። ታማሚ ሲመጣ ካርዱ ይወጣል፣ መድኃኒቱ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ትንሽ ወረቀት ታትማ ትወጣለች፤ ስም፣ ቀበሌ፣ የመድኃኒቱ ዓይነት፣ ለምን በሽታ እንደሚወሰድና የሚቀጥለው ቀጠሮ። ወላሂ ያኔ በራሴ የኮራሁትን ያህል ከዚያ ወዲህ ኮርቼ አላውቅም። ምሳ ሰዓት ሐይቁ ዳር ወርጄ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በሚጥሚጣ ስበላ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሁሉ «የኮምፒውተሯ ልጅ» እያሉ ነበር የሚጠሩኝ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ከአምባሰል ተራራ በእግሯ ለወረደች እናት በፈረንጅ ወር ቀጠሮ ብትሰጧት መቼ ልትመጣ ነው? ትክክለኛው መንገድ ቀኑን ወደ እኛ የሚለውጥ ሒሳብ ፕሮግራሙ ውስጥ መጻፍ ነበር። የሁለት ቀን ሥራ ነው። እኔ ግን ብልጥ ነኛ! የኮምፒውተሩን ቀን ራሱን ወደ እኛ ዓመተ ምሕረት መለስኩት። ምስኪኑ ማሽን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ቁጭ አለ። ወረቀቱ ላይ ግን ልክ የእኛ ቀን ይወጣል፤ ሁሉም ደስ አለው።

ጣጣው ወር ሲለወጥ ነው። የፈረንጅ ሁለተኛ ወር በሀያ ስምንት ታልቃለች፣ የእኛዋ ሁለተኛ ወር ጥቅምት ደግሞ ሠላሳ ቀን ናት። ስለዚህ ጥቅምት ሀያ ስምንትን በእጄ እየመለስኩ ሦስት ቀን አስዋልኳት። ጳጉሜ ስትመጣማ ነሐሴ ሠላሳን አምስት ቀን አስደገምኳት። ሲስተር አንድ ቀን ቀና ብለው ኮምፒውተሩን አዩና «ዛሬም ሀያ ስምንት ነው እንዴ?» ሲሉኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ፕሮግራም የሚጻፍበት ቋንቋም የሰው ሥራ ነው፣ ይሳሳታል። የሠሩት ሰዎች ስህተቱን ሲያገኙ ያርሙና ለሁሉም ይልካሉ። በሁለተኛው ዓመቴ መስከረም ላይ አንድ እንዲህ ያለ ማረሚያ ወጣ። ዝርዝሩን አነበብኩት። ከመስመሮቹ አንዷ እንዲህ ያለ ነገር ትል ነበር፤ ሁለት ጥያቄ በአንድ ቅጽበት ሲመጣ የአንዱ መልስ ለሌላው ሊደርስ ይችል ነበር፣ ተስተካክሏል። በዓይኔ አየኋት። ልጭነው ስል ግን ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። ከበይነ መረብ የሚመጣ ነገር የመተማመኛ ማኅተም አለው፣ ማኅተሙ ደግሞ የተሰጠበት ቀን አለው። የእኔ ማሽን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ስለሆነ «ይህ ማኅተም ገና አልተሰጠም፣ አላምነውም» አለኝ። እውነቱን ነው! ቀኑን ላስተካክል ብል የቀጠሮው ነገር ሊበላሽ ነው። አዲስ ነገርም የለውም አልኩና ተውኩት። ምንም አልመሰለኝም።

አሁን ስለ ሙሉ ልንገራችሁ። ሙሉ በዕድሜ እኩያዬ፣ ከአምባሰል አንዷ ቀበሌ የምትመጣ፣ ሳቋ ከበር ቀድሞ የሚገባ ልጅ ነበረች። የሚጥል በሽታ ነበረባት። መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ ሦስት ዓመት ጥሏት አያውቅም። ይጥላት የነበረው ማታ ማታ ቤት ውስጥ ስለነበር፣ ከእናቷ በቀር በሽታዋን የሚያውቅ የአገሯ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ በወር አንዴ፣ በገበያ ቀን፣ አንድ እስር ጌሾ ተሸክማ ትወርዳለች። ጌሾውን ትሸጣለች፣ ክሊኒክ ጎራ ትላለች፣ ክኒኗን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ ትመለሳለች። ያን መስከረም ሽማግሌ ተልኮባት ነበር። ተስፉ የሚባል የቀበሌዋ ልጅ ሊያገባት ነው፤ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። ስትነግረኝ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና «ወላሂ ዘሀራ፣ ደስታው እንቅልፍ ነሳኝ» አለችኝ። ክርስቲያን ናት፤ ወሎ ነውና ወላሂውን ተካፍለነዋል።

«ነግረሽዋል?» አልኳት።

«እነግረዋለሁ። ወኔው ይምጣልኝ።»

በጥቅምት አጋማሽ፣ በገበያ ቀን፣ ክሊኒኩ ጢም ብሎ ሞልቷል። በእኔ ኮምፒውተር የሙሉን ወረቀት አተምኩ። በዚያችው ቅጽበት፣ ከእኔው ማሽን ጋር በተያያዘው የመድኃኒት መስኮት ኮምፒውተር የሌላ ሰው ወረቀት ታተመ። ሲስተር አንድ ጥብቅ ደንብ ነበራቸው፤ ወረቀት የባለቤቱ ነው፣ ከታተመ በኋላ ዓይናችሁ አይረፍበት። ምስጢር ለመጠበቅ ያወጡት ደንብ ነው። እኔም ሳላየው ሁለት ቦታ አጥፌ ሰጠኋት፤ በመስኮቱ ያለችውም እንዲሁ አደረገች።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሙሉ እያለከለከች ተመለሰች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ የለም።

«ይቺ ወረቀት የኔ አይደለችም» አለችኝ። ተቀብዬ አነበብኩ። የደም ግፊት መድኃኒት ይላል። ስሙ የሺ አራጋው፣ ቀበሌው የሙሉ ቀበሌ።

«ማን ናቸው?»

«የተስፉ እናት ናት» አለች። «የኔስ ወረቀት? ዘሀራ፣ የኔስ የት ነው ያለው?»

ያቺ የማረሚያ መስመር ያኔ ትዝ አለችኝ። ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። እትዬ የሺ መድኃኒታቸውንና የታጠፈች ወረቀት ተቀብለው ከሄዱ ቆይተዋል።

ሙሉና እኔ በባጃጅ እስከ መናኸሪያ፣ ከዚያ በሚኒባስ ወደ ወልድያው አቅጣጫ ሄድን። ከአስፋልቱ ወርደን ዳገቱን በእግራችን ተያያዝነው። ማሽላው ዘለላውን ጥሏል፣ ከየማሳው እሸት የሚጠበስበት ሽታ ይመጣል፤ ወደ ኋላ ዞር ሲሉ ሐይቁ ከታች ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። ሌላ ቀን ቢሆን ተቀምጬ ባየሁት። መንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀኑን እንዴት እንደመለስኩት፣ ማረሚያውን እንዴት እንደተውኩት።

ቆም ብላ አየችኝ። «ቆይ፣ ቀኑን ምን አደረግሽው?»

«ወደ ኋላ መለስኩት።»

«ሥራ እንዲቀልልሽ?»

«አዎ።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ብትሰድበኝ እንዴት በወደድኩ! ቀድማኝ ዳገቱን ወጣች።

እትዬ የሺ ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ተስፉ አጠገባቸው ቆሟል፤ ወረቀቷ በእጁ ናት። እናትየው ፊደል አልቆጠሩም፣ ቀጠሮዬን ንገረኝ ብለው ሰጥተውት ነው። ሙሉን ሲያዩ ሰፌዱን ወደ ጎን አደረጉ። ማንም ደህና ዋላችሁ አላለም።

«ስህተቱ የእኔ ነው» ብዬ ጀመርኩ። ሙሉ ክንዴን ያዝ አደረገችኝና ራሷ ተናገረች።

«ወረቀቷ የኔ ናት። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ይጥለኝ ነበር። አሁን ሦስት ዓመቴ ነው ካልጣለኝ። ልነግርህ ነበር ተስፉ።»

«መቼ?» አላት።

ክፉ ቃል ግን አልተናገረም። ወረቀቷን መለሰላትና «ቀጠሮሽ ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው ይላል» ብሏት ወደ ከብቶቹ ሄደ። እትዬ የሺ ተነሥተው ገቡና ለሁለታችን እርጎ ይዘው ወጡ። እንግዳ ደጃቸው ደርሶ እንዲሁ አይሄድማ። ጠጣን። አንድም ጠብታ አላስተረፍኩም፤ ማስተረፍ ነውር መሰለኝ።

ከዐሥር ቀን በኋላ ሽማግሌዎቹ ጋብቻው እንዲቀር ተነጋገሩ።

ለሲስተር አስካለ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። እሳቸው ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቁኝና «አልቅሽ አላልኩሽም። አስተካክይው ነው የምልሽ» አሉኝ። ሁለት ቀን ተቀምጬ የቀን መለወጫውን ሒሳብ ጻፍኩ። የኮምፒውተሩን ቀን ወደ ትክክለኛው መለስኩ። ማሽኑ ማኅተሙን ወዲያው አመነው፤ ማረሚያውም ገባ።

ኅዳር አጋማሽ ደረሰ። ሙሉ አልመጣችም። ያ መድኃኒት ደግሞ የሚቋረጥ አይደለም፤ ካቋረጡት በሽታው ብሶ ይመለሳል። በማግሥቱ ሲስተር ክኒኑን በእጄ ሰጥተው «ይሄን የምታደርሺው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ያንን ዳገት ብቻዬን ወጣሁት። ሙሉ የታጨደ ጤፍ እየከመረች አገኘኋት። ክኒኑን ተቀብላ መቀነቷ ላይ ቋጠረችና «ማሽንሽ ዳነ?» አለችኝ።

«ዳነ።»

«ያ የተውሽው ነገር፣ ለመጫን ስንት ጊዜ ፈጀ?»

መዋሸት እችል ነበር። ሳምንት ፈጀ ብላት ምናልባት ይቀላት ነበር፤ ለእኔም ይቀለኝ ነበር።

«አሥር ደቂቃ» አልኳት።

«አሥር ደቂቃ» አለች። ከዚያ ወደ ጤፏ ዞረች። አጠገቧ ሆኜ እስኪመሽብኝ ድረስ ነዶ አቀበልኳት። አልከለከለችኝም። በሚቀጥለው ወር በራሷ እግር መጣች።

እትዬ የሺም ለግፊታቸው ሲመጡ አንድ ቀን ጠጋ ብለው «ክፉ ሆኜ እንዳይመስልሽ ልጄ፤ ፈርቼ ነው። ልጅ አቅፋ እሳት ዳር ብትወድቅስ ብዬ» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ያን ምስጢር በትክክለኛው ቀን፣ በትክክለኛው አፍ ሰምተውት ቢሆን ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም። ምናልባት ያው ፍርሃት ይሆን ነበር። ግን ለሙሉ የሚገባት ራሷ መርጣ መናገር ነበር፤ እሱን ነው የነጠቅኳት።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሙሉ ሐይቅ ከተማ ገባች፣ መረብ የሚጠግን ዓሣ አጥማጅ አገባች። ከእሱ ጋር ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ሻይ ቤት ቁጭ እንዳሉ፣ ክኒኑን ጠረጴዛ ላይ አውጥታ «ይሄን ሳትቀበል እኔን አትቀበልም» አለችው። ዛሬ ሦስት ልጆች አሏቸው።

ቃልኪዳን ይህን ሁሉ ስትሰማ ሻይዋ ቀዝቅዟል። ዞራ ማረሚያውን ጫነችው። ከመጫኗ በፊት የኮምፒውተሩን ቀንና ሰዓት ደጋግማ ስታይ አየኋት፤ ያውም እኔ ሳልነግራት።

ትናንት የገበያ ቀን ነበር። ቀትር ላይ ሙሉ እንደ ልማዷ፣ አሁን የምትታከምበት፣ ፕሮግራሙን እኛ የሠራንለት ክሊኒክ ደርሳ ወደ ቢሮዬ ብቅ አለች። ያቺ ሳቋ አሁንም ከበር ቀድሞ ይገባል። ወረቀቷን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርጋ፣ ላለፉት ዓመታት በየወሩ የምትጠይቀኝን ጠየቀችኝ።

«ዛሬስ ማነኝ?»

እኔም እንደ ወትሮው «አንብቢያ» አልኳት።

ወረቀቷን ገለጠች፤ ስሟን ከነአባቷ፣ ከነቀበሌዋ ድምፅ አውጥታ አነበበች። «ዛሬም እኔው ነኝ» አለችና መቀነቷ ላይ ቋጠረቻት። ቃልኪዳን ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችላት።