የጸሎት ፈትል

መርካቶ ጋቢ መሸጥ በጀመርኩበት ዕለት አንድ ሰው ዋጋ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሄደ። የሱቁ ባለቤት እትዬ ዘነበች ከት ብለው ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ በዋጋ ሰው ታባርሪያለሽ? መጀመሪያ አልብሺው፤ ከዚያ አጫውቺው።»

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድሩን ከማጉ መለየት፣ ጥለቱን ወደ ውጭ አድርጎ ማጠፍ፣ ክሩን በጣት ማወቅ። የእጅ ፈትል ወፈር ቀጠን ይላል፤ የፋብሪካው አንድ ወጥ ነው። አጫውቺው ማለታቸው ይህንኑ ንገሪው ማለታቸው ነበር።

እኔ ጨመርኩበት። ልጆቼን ብቻዬን ነበር የማሳድገው፤ ምክንያት ግን አይሆንም። አንድ ቀን ለአንዲት ገዢ «ይህን የፈተሉት መነኩሲት ናቸው፤ ዳዊት እየደገሙ ነው የሚፈትሉት» አልኳት። ሳትከራከር ገዛች። ከዚያ ወዲያ «የእጅ ፈትል» የሚለውን ትቼ «የጸሎት ፈትል» ማለት ጀመርኩ። የለወጥኩት አንድ ቃል ነው። ጋቢው ድሩም ማጉም የፋብሪካ ክር ነበር። ለገዢዎች እንዲህ የምላቸው ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሼ መጥቼ ነበር።

አልማዝ የምትባል ደንበኛ ለታመሙት እናቷ ገዛች። «የመነኩሲቷ ክርስትና ስም ማን ነው? እማዬ በጸሎቷ ታስባቸዋለች» አለችኝ። ደነገጥኩ። አፌ ላይ የመጣልኝን ሰጠኋት፤ ወለተ ሐና። የራሴ ስም ነው።

ከሳምንታት በኋላ ተመለሰች፤ ልትገዛ አልነበረም።

«እማዬ የግፊት ክኒኗን ተወች። የጸሎት ፈትል ለብሼ ክኒን ምን ያደርግልኛል ትላለች። ትናንት ወድቃ ነው ያነሳናት። እባክሽ እህቴ፣ መነኩሲቷ ራሳቸው መጥተው ይንገሯት።»

እትዬ ዘነበች ከመደርደሪያው ሥር ሆነው ሰሙ። «በይ እንግዲህ፣ መነኩሲቷን ውሰጂላቸው!» አሉኝ። ነጠላዬን አንስተው ሰጡኝ።

ከአልማዝ ጋር ተክለ ሃይማኖት ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ ጋቢውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ።

«እማማ፣ መነኩሲት የለችም። ዋሽቼ ነው። የፋብሪካ ክር ነው።»

ጥለቱን በጣታቸው ሲዳስሱ ቆዩ። «አሁን ፋብሪካውም ዳዊት ይደግማል?» አሉ። አልማዝ ሳቋ አመለጣት። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ታዲያ ጠዋት ጠዋት የምጸልይላት ወለተ ሐና ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

ጋቢውን ከአገጫቸው ዝቅ አደረጉ።

«እንኳን ጸለይኩልሽ» አሉኝ። ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞረው «ክኒኑን አምጪ» አሉ።

ዛሬ ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ። አዲስ ሻጭ ሲገባ መጀመሪያ ድርና ማግ አሳየዋለሁ። የፋብሪካ ክር ከሆነ የፋብሪካ ክር ነው በል እለዋለሁ። ገዢ ጋቢውን ከነ ቃላችን ነው የሚለብሰው።