የማይነደው ፈሳሽ

ያ ጣፈጥ ያለ፣ አፍንጫ የሚያቀዘቅዝ ሽታ ለመምህር ለገሠ ደሴ ከተማ ጥሎት የመጣው ትምህርት ቤት ሽታ ነበር። ያኔ ካርቦን ቴትራክሎራይድ የሚባለውን ፈሳሽ በሚነድ ጨርቅ ላይ ጠብ ሲያደርገው እሳቱ እልም ይላል፤ ተማሪዎቹ ያጨበጭባሉ። መጽሐፉም ቅባት የሚያስለቅቅ፣ እንደ ቤንዚን የማይነድ ደግ ፈሳሽ ነው ይል ነበር።

ካይሮ ተሰዶ በአንድ የግል ቤተ ሙከራ ዕቃ አጣቢ ሆነ። ቡላቅ አል-ዳክሩር በሚባለው ሰፈር ፊት ለፊቱ የምትኖረው ስደተኛዋ ትብለጥ የሐበሻ ልብስ እድፍ እያስለቀቀች ትተዳደራለች። ጥለቱ ውሃ ሲነካው ቀለሙ ስለሚለቅ በቤንዚን ስታጸዳ አንድ ቀን ከምድጃው እሳት ለጥቂት ተረፈች። ይኼኔ ነው ለገሠ፣ «አይነድም» ብሎ ያንን ፈሳሽ ከቤተ ሙከራው አምጥቶ ያስለመዳት።

በዐቢይ ጾም ማብቂያ ኸማሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ አቧራ አስነሣ። ትብለጥ ነጩ ልብስ እንዳይቆሽሽባት መስኮቱን በጨርቅ ወትፋ፣ ወለል ላይ ተቀምጣ ስትሠራ ሰነበተች። ራሷን አዞራት፤ ምግብ አስጠላት። ጎረቤቱ ሁሉ ጾሙ ነው አላት፤ እሷም አመነች።

አንድ ቀን የቤተ ሙከራው ኬሚስት ፋይዛ ግድግዳው ላይ ስለዚያ ፈሳሽ አዲስ ማስጠንቀቂያ ስትለጥፍ ለገሠ ቆሞ አነበበ። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። አፍንጫ ይለምደዋል። በቆዳም ይገባል፤ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል። እሳት ሲያገኘው ሌላ መርዝ ይወልዳል። እነዚያ የሚያጨበጭቡ ልጆች ትዝ አሉት።

«ይኼን ለእድፍ መጠቀም እኮ ድሮ ቀረ» አለችው ፋይዛ በዐረብኛ። ለገሠ የሥራውን መውጫ ሰዓት ሳይጠብቅ ወደ ትብለጥ ቤት ሮጠ።

ትብለጥ ቀና ስትል የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆኗል።

«ምነው መምህር፣ ዛሬስ አባረሩህ?»

ለገሠ መስኮቱን ከፈተው። «ተነሺ ከወለሉ። ይኼ ነገር ጉበት ይበላል።»

«አይነድም ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

«አይነድም። ግን ይመርዛል። እኔ የተማርኩት ግማሹን ነው።»

«ያዕኒ፣ እንግዲህ ከእሳቱ ሸሽቼ መርዝ ውስጥ...» አለችና ተወችው።

ጠርሙሱን ግጥም አድርጎ ከደነው፤ ቦይ ውስጥ እንደማይደፋ፣ መልሶ ለቤተ ሙከራው እንደሚያስረክበው ነገራት። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ እንድትሄድ፣ ሐኪሙም ባይጠይቃት የፈሳሹን ስም እንድትነግረው ለመናት፤ አብሬሽ ልሂድም አላት። እሷ ግን እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ደጋግማ ታጠበች። የተሰቀሉትን ቀሚሶች አየች፤ ለፋሲካ የሚጠበቁ ናቸው።

«ባለቤቶቹ ሲመጡ ለፋሲካ እንደማይደርስ አንተ ንገራቸው» አለችው።

ነጠላዋን ደርባ ብቻዋን ወደ ሐኪም ቤት ወጣች፤ ደኅና ሁንም አላለችው።