የቄስ ምስጋናው መንጋጋ

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፤ በንስሐ አባቴ ፊት ስንበረከክም ዘልዬዋለሁ። አንተ የምታነበኝ ግን ስማኝ። ሰምተህ ደግሞ እንዳታዝንልኝ።

ከላሊበላ በላይ፣ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ የአንድ ደብር ገበዝ ነኝ። አገልግሎቱ እንዳይጓደል የምጠብቀው እኔ ነኝ። ቄስ ምስጋናው አብሮኝ የሚቀድስ ወጣት ካህን ነበር። እሱ ሲቀድስ ሽማግሌዎቹ እንኳ መቋሚያቸውን ተደግፈው አያንቀላፉም።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ጉንጩን ይዞ መጣ። የመንጋጋ ጥርሱ ከተበላ ቆይቷል፤ አሁን ግን ድዱ አብጦ መግል ቋጥሯል።

«አባቴ፣ አላስቻለኝም። ይፍቀዱልኝና ላሊበላ ወርጄ ላስነቅለው» አለኝ።

እኔ ምን አልኩ? «ደም ከፈሰሰህ መቅደስ አትገባም። ቅዳሴ ልታስታጉል ነው? ፍልሰታን ጨርስና ትሄዳለህ» አልኩት። እኔ አልኩት። ማንም አላስገደደኝም።

ሕጉ እውነት ነው፤ ደሙ የሚፈስ ካህን አይቀድስም። ቅዳሴም ያለ ሁለት ቄስና ያለ ሦስት ዲያቆን አይቆምም። ግን የያዘኝ ሕጉ ነበር? ከወንዙ ማዶ መምሬ አዱኛ ነበሩ። ሰው ልኬ «ይተኩልን» ብላቸው በደስታ ይመጡ ነበር። እኔ ግን ከመምሬ አዱኛ ጋር ተኳርፌያለሁ። ለምን? በአንድ ተዝካር ላይ ከኔ በላይ ተቀመጡ ብዬ! ለመቀመጫ! ደጃቸው ሄጄ ከምለምን የሰው መንጋጋ ይበስብስ አልኩ። በአፌ አላልኩትም፤ ያደረግኩት ግን ይህንኑ ነው።

ደግሞ መካሪ ሆንኩ። በጨው ውኃ ተጉመጥመጥ፣ ቅርንፉድ ንከስበት አልኩት። ያውም ቅዳሴ እስኪወጣ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ውኃ ባፉ እንደማይዞር እያወቅሁ! የማስታገሻ ክኒንም የሚውጠው በየቀኑ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ብቻ ነበር። ስድስት ቀን እንዲህ ሆኖ ቀደሰ። አጠገቡ ቆሜ ፊቱ ሲያብጥ አየሁ፣ ድምፁ ሲታፈን ሰማሁ። አየሁ፣ ሰማሁ፣ ዝም አልኩ።

በሰባተኛው ቀን አፉ አልከፈት አለ። እብጠቱ አንገቱ ድረስ ወርዶ ትንፋሽ አሳጠረው። በቃሬዛ ላሊበላ፣ ከዚያም በመኪና በጋሸና አድርገው ደሴ ወሰዱት። እዚያ ሐኪሞች አንገቱን ቀደው መግሉን አወጡለት። ነፍሱ ተረፈች። መንጋጋው ግን ከአንድ ጣት በላይ አይከፈትም፤ ቃሉ አይጠራም፣ ዜማው ቀርቷል። አሁን ቅዳሴ ሲቆም እሱ ከምእመናን ጋር ነው የሚያስቀድሰው።

ሰው ሁሉ «ምነው ቀደም ብሎ በሄደ?» ሲል እኔ ምን መለስኩ? «ሂድ ብዬው ነበር፤ እምቢ አለኝ።» እንዲህ ብዬ ዋሸሁ። አገሩም «ግትር ነው፣ የራሱ ጥፋት ነው» አለ። እኔን ደግሞ ለጥንቃቄዬ አመሰገኑኝ! ምስጋናውንም ተቀበልኩ።

ባለፈው ወር የገዛ ውሸቴ አንገሸገሸኝና እውነቱን ልነግረው ቤቱ ሄድኩ። እንጀራውን በሽሮ አርሶ በጣቱ ወደ ጉንጩ እየገፋ ሲበላ ደረስኩ። ገና አፌን ሳልከፍት ተነሥቶ እግሬ ላይ ወደቀ። ትኩሳቱ ያን ሳምንት ከአእምሮው አጥፍቶበታል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲያወራ የሰማውን አምኗል።

«ሂድ ብለውኝ ነበር አሉ፣ አባቴ። አልሰማሁዎትም። ይፍቱኝ» አለኝ እየተኮላተፈ።

እኔስ? መስቀሌን አወጣሁ። «እግዚአብሔር ይፍታህ» አልኩት። ተሳለመ። ሽሮውን አቀረበልኝ፤ ጎርሼ፣ አመስግኜ፣ ወጣሁ።

አንተን ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅርታ የምለምነው ሰው ከቤቴ አምስት ደቂቃ አይርቅም። ዛሬም አልሄድኩም።