መርፌ የያዝኩት ከአረቄ በኋላ ነው

ደብረ ማርቆስ፣ የካቶሊክ ሲስተሮቹ ልብስ ስፌት ቤት የገባሁ ዕለት መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው! ጨርቅ በመቀስ የሚቀዱት እትዬ ጥሩዬ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ምነው እጅሽ?»

«ብርድ ነው።»

«በሚያዝያ?»

ብርድ አልነበረም። ይጁቤ ከተማ አረቄ ቤት ሁለት ዓመት ስቀዳ ኖሬያለሁ፤ ለደንበኛ አንድ፣ ለራሴ አንድ። ከዚያ ያወጡኝ የስፌት ቤቱ ኃላፊ ሲስተር ብርሃኔ ናቸው።

የቤቱ ማዕረግ እንዲህ ነው፤ ከታች ቁልፍ የሚተክል፣ ቀጥሎ የስፌት መኪና ላይ የሚቀመጥ፣ ከላይ ጨርቅ የሚቀድ። እኔ ቁልፍ ላይ አምስት ወር ቆየሁ። መቀመጥ አልወድም፤ በየሩብ ሰዓቱ እነሳለሁ። «አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ ላይ መርፌ አለ እንዴ?» ይሉኛል እትዬ ጥሩዬ።

በሁለተኛው ወር ጠጣሁና ሦስት ቀን ጠፋሁ። በአራተኛው ቀን ሲስተር ብርሃኔ የምተክላቸውን ቁልፎች በፌስታል ይዘው ቤቴ መጡ። ስድብ ጠበቅኩ። «ሸሚዞቹ እየጠበቁሽ ነው» ብቻ አሉ። አለቀስኩ፤ ፊቴን ታጥቤ ተከተልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ከሥራ በኋላ መቁጠሪያ ሲደግሙ አብሬ ተቀመጥኩ። ጸሎቱ ረጅም ነው፤ ግን እጅ ሥራ አያጣም። እስኪያልቅም አረቄ ቤት የሚሞቅበት ሰዓት ያልፋል።

ዓመት ሲሞላኝ ካቶሊክ ልሁን ብዬ ራሴ ጠየቅኩ። ወላጆቼ ኦርቶዶክስ ናቸው። እናቴ «ከአረቄው ካወጡሽ ዝም እላለሁ» አለች። ዝም ግን አላለችም።

ችግሩ የመጣው ከተቀበሉኝ በኋላ ነው። ካህናችን አባ የሚያቆርቡት ሥጋውን በደሙ ነክረው ነው። ደሙ መሆኑን አምናለሁ፤ ምላሴ ግን የሚያውቀው ወይን ነው። ሦስት እሑድ የቁርባኑ ሰልፍ ሲጀመር ሾልኬ ወጣሁ።

ሰኞ እትዬ ጥሩዬ ጨርቅ እየቀደዱ፣ «ምን ሠርተሽ ነው ከቁርባን የምትሸሺ?» አሉ።

«ፈርቼ ነው። ከቀመስኩ አልመለስም።»

«ለአንዲት ጠብታ?»

«እትዬ፣ እኔ በጠብታ ነው የጀመርኩት።»

መቀሱን አስቀመጡ። «ታዲያ ለአባ ንገሪያቸዋ!» አሉ።

ነገርኳቸው። አባ አልተገረሙም። «ሥጋው ብቻውን ሙሉ ነው፤ ክርስቶስ አይከፈልም። ሳልነክር እሰጥሻለሁ» አሉኝ።

እሑድ እትዬ ጥሩዬ ከፊቴ ቆሙ። ተራቸው ሲደርስ «ለእኔም ሳይነከር» ሲሉ ሰማሁ። በዕድሜያቸው ጠላ እንኳ ቀምሰው የማያውቁ ሴትዮ!

ስንወጣ «እርስዎን ደግሞ ምን አገኘዎት?» አልኳቸው።

«ብቻሽን ለምን ትለዪያለሽ» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ዛሬ ጨርቅ ቀዳጅ ነኝ። ለአዲስ ገቢዎች የምለው ይኸው ነው፦ የምትፈሩትን አብሯችሁ ለሚሠራ ሰው ንገሩ። እኔ ስደብቅ ጠጥቻለሁ፤ ስናገር አልጠጣሁም።