የከዚራዋ ደባል

ሸዋገነት የጎረቤታችን የወይዘሮ በለጠች እህት አልነበረችም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ግን እህቷ ናት ስንል ኖረናል።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ለባቡር ሠራተኞች የተሠሩ ቤቶች አሉ። ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ የኒም ዛፍ ጥላ የማይለያቸው ናቸው። በለጠች ባሏ ሲሞት የቀረላት እንዲህ ያለ የቀበሌ ቤት ነበር። የቀበሌ ቤት ማከራየት ደግሞ ክልክል ነው። ስለዚህ ሸዋገነት የስፌት መኪናዋን ይዛ የጓሮውን ክፍል ልትከራይ ስትመጣ፣ በለጠች ከኪራዩ በፊት፣ «የሚጠይቅሽ ካለ እህቴ ነሽ» አለቻት።

ምን ትበል? በድሬ ሙቀት ቆርቆሮ ሥር ስትሰፋ ለኖረች ሴት ያ ክፍል መታደል ነው። እሺ አለች። እህትነቱም የምር ሥራ ሆነባት። የበለጠችን ልብስ ታጥባለች፤ ስኳሯ ሲነሳባት ሐኪም ቤት አብራት ታድራለች። ኪራዩንም አንድ ወር አላስተጓጎለችም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ቀበሌው በሰው ቤት ተዳብሎ የሚኖር ደባል ሁሉ ይመዝገብ አለ። ደባል ሆኖ የተመዘገበ ሰው የሚኖርበት ክፍል በስሙ ይዞርለታል ተባለ። መዝጋቢው አብዲራህማን በር ላይ ቆሞ፣ «ደባል ነሽ?» አላት። በለጠች ከኋላዋ ቆማለች፤ ቤቴን ሊቆርሱብኝ ነው እያለች ቀሚሷን ትጎትታለች። ሸዋገነትን አሳዘነቻት መሰለኝ፣ «እህቷ ነኝ» ብላ ፈረመች። እኔም በምስክርነት ፈረምኩ። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ እኔ ቂሉ!

በለጠች ባለፈው ጥር ሞተች። አርባዋ በወጣ ማግሥት አብዲራህማን መጣ።

«አቦ ሸዋገነት፣ እኔም ከፍቶኛል። የቀበሌ ቤት የሚተላለፈው ለባል፣ ለሚስት ወይ ለልጅ ነው፤ ለእህት አይሆንም። ደባል ብትሆኚ ኖሮ ክፍሉ ያንቺ ነበር።»

«ደባል ነበርኩ እኮ!»

«እህቷ ነኝ ብለሽ ፈርመሻል። እህቷ እንዳልሆንሽ የሚናገሩ ሦስት ጎረቤቶች አምጪ፤ እስከ ዓርብ።»

ከሁሉ ቀድማ እኔ ጋ መጣች። «ኃይለመለኮት፣ አንተ ታውቃለህ፤ እውነቱን ተናገርልኝ» አለችኝ።

እውነቱን ባወጣው ቀጥሎ የሚጠየቀው የእኔ ቤት ነው። ጓሮዬ ውስጥ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ስምረት የምትባል ከሁርሶ የመጣች ልጅ ተከራይታለች፤ ለቀበሌ የወንድሜ ልጅ ናት ብያለሁ። ጎረቤታችን ካልቱንም «የአክስት ልጅ» የምትለው ተከራይ አላት፤ ጎረቤታችን አብሺርም «አማች» የሚለው አለው። በእኛ ሰፈር ዘመድ ያልሆነ ተከራይ የለም።

«የፈረምኩትን እንዴት አፈርሳለሁ?» አልኳት። ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ነበር። ካልቱንና አብሺርም እምቢ አሏት።

ዓርብ የስፌት መኪናዋን ባጃጅ ላይ ጫነች። ያገዘቻት ስምረት ብቻ ናት፤ እኔ ከመስኮት አየሁ፣ ወጥቼ ደህና ሁኚ ለማለት እንኳ አፈርኩ። ባጃጁ ሲሄድ ስምረት እጇን እያራገፈች ገባችና ፊቴ ቆመች።

«ከቀበሌ እኔ ጋ ሲመጡስ ምን ልበል?»

«የወንድሜ ልጅ ነኝ በይ» አልኳት።