አባቴን ለጥሩወርቅ ሰርግ ልጠራ ወደ ጣራ ገዳም

ከወረታ የተነሣሁት ጎሕ ሲቀድ ነው። ጉዳዬ አጭር ነው፤ እህቴ ጥሩወርቅ በጥር ልትዳር ነውና፣ መንኩሶ ጣራ ገዳም የገባው አባታችን መጥቶ እንዲመርቃት ልለምነው። እሷ «አባየ ሳይመርቀኝ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም» ብላ ቁርጧን ተናግራለች። የሙሽራው ወገን ደግሞ ድግሱን ጠንስሷል። እናቴ እንደ ልማዷ ወደ እኔ ዞረች። በእኛ ቤት መንገድ ከተገኘ የበኩር ልጅ ነው ተላኪው። የሰሞኑ አጨዳ ወገቤን ቆርጦት ነበር፤ ግን ማን ጠይቆኝ።

ሽልንግ ከፍዬ የጭነት መኪና ላይ በኑግ ጆንያ መሐል ተቀመጥሁ። ሾፌሩ ይፋግ ላይ ሻይ ልጠጣ ብሎ ወርዶ የውኃ ሽታ ሆኖ ቆይቶ ተመለሰ። ሜዳው ላይ ጉም ተኝቷል። ውኃ በሸሸበት ማሳ ሽንብራውና ጓያው ደህና ይዟል፤ ከብቱ ገና በማለዳው ተሰማርቷል። አዲስ ዘመን ስወርድ ቀና ማለት አቅቶኝ ትንሽ ቆምሁ።

ዳገቱ

ከከተማው ወጥቼ ወደ ተራራው ጀርባ የሚያወጣውን የእግር መንገድ ያዝሁ። የሜዳ ሰው ነኝ፤ ዳገት አይሆነኝም። ጽዱና ወይራው ጥላ ቢሰጥም ድንጋዩ ያንሸራትታል። አንድ ጉሬዛ ነጭ ጋቢውን ደርቦ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ቀናሁበት።

ሸንተረሩ ላይ አንዲት መነኩሲት አረፍ ብለው አገኘኋቸው።

«ከየት ነህ ልጄ?»

«ከወረታ ነኝ፣ እማሆይ።»

«ታስታውቃለህ። በእናንተ በፎገራ ጉልበት ያለው በሬው ነው።»

ዳቦ ቆሎዬን አካፈልኋቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ማኘካቸውን ተዉ።

«ሲመነኩስ እኮ በቁሙ ፍትሐት ተደርሶለታል። እንደ ሬሳ ተገንዞ፣ እንደ ሬሳ ተጸልዮለት። አንተ የሰርግ ጥሪ ይዘህ መቃብር ልታንኳኳ ነው?»

ተናደድሁ። አባቴ በሕይወት አለ፣ እጅ እግሩም ደህና ነው ብዬ ተነሣሁ። ከሸንተረሩ በታች ሜዳው ከነጣናው ተዘርግቶ ይታያል። ሰው ሁሉ ያን እይታ ያደንቃል፤ ለእኔ የታየኝ የምመለስበት መንገድ ርዝመት ብቻ ነው።

ገዳሙ ስደርስ አባቴን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ እንጨት ሲፈልጥ አገኘሁት። ከስቷል። መስቀሉን ተሳልሜ ጉዳዬን ነገርሁት።

«የማን ልጅ ነው የሚያገባት?» አለ።

ነገርሁት።

«ደግ ቤት ነው። እኔ ግን አልመጣም። የሞተ ሰው ሰርግ አይሄድም።»

እግሩ ላይ ወደቅሁ። «አባየ፣ ለአንድ ቀን ብቻ። መርቀሃት ትመለሳለህ።»

«አንዴ ከወረድሁ አልመለስም። ራሴን አውቀዋለሁ» አለና አነሣኝ። «ርብ ወንዝ ዘንድሮ ማሳውን በላው?» ሲል ጠየቀኝ።

«የታችኛውን ወስዶታል።»

«ለከርሞ ከክረምቱ በፊት ቦይ አውጣለት።» ወዲያው አማተበና ምሳሩን አነሣ። ከዚያ በላይ ልለምነው አልቻልሁም።

መመለሻ

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ባሰ፤ ወይራ ወይራውን እየጨበጥሁ ወረድሁ። በስንት ልመና መኪና አግኝቼ ወረታ የገባሁት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። እናቴና ጥሩወርቅ ደጅ ቆመው ይጠብቁኛል። ብቻዬን መሆኔን ስታይ ጥሩወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ምን አለ?» አለች እናቴ።

«የሞተ ሰው ሰርግ አይሄድም አለ።»

የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ገብታ አጎዛ አነጠፈች፤ መደቡ ላይ፣ አባቴ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ። እሱ ከሄደ ወዲህ ማንም ተቀምጦበት አያውቅም።

«አባት ሲሞት የሚመርቅ የበኩር ልጅ ነው። ተቀመጥ» አለችኝ።

ቀኑን ሙሉ መቀመጥን ስመኝ ነው የዋልሁት፤ እዚያ ላይ ግን እግሬ እምቢ አለኝ። እናቴ ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። ጥሩወርቅ መጣች፤ አንድ ጊዜ በሩን አየችና ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች።

«ውለዱ፣ ክበዱ» አልኋት።

አባቴ መሞቱን ያመንሁት ያን ጊዜ ነው።